በ70 ዓመትህ የምታስታውሰው ዛሬ ክንድህ ላይ ይለካል

የደም ግፊትህ ስንት ነው?

አትገምት። ቁጥሩን ንገረኝ።

የለህም፣ አይደል? የስልክ ቁጥርህን በቃልህ ትወጣዋለህ። በስልክ ገንዘብ የምትልክበትን የዛድህን የሚስጥር ቁጥር ከእንቅልፍህ ቀስቅሰው ቢጠይቁህ አትስተውም። እዚህ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ መሀል ገበያ ሽልንግ በጥቅል ከምረው ከሚመነዝሩት ሰዎች ዘንድ ዶላር ዛሬ በስንት እንደዋለ ታውቃለህ። ትናንት ማታ አርሰናል ስንት ለስንት እንደወጣም ታውቃለህ። ስለ ገዛ ደም ስርህ ግን አንዲት ቁጥር የለህም!

ይህ ዛሬ ይቀየራል።

ስለ ልብ ላወራህ አይደለም። ስለ ልብ ብዙ ተመክረሃል፤ ሰምተህም ዝም ብለሃል። የማወራህ ስለ ትዝታህ ነው። የልጅህን ስም ስለ መጥራት። ከሱቅ ወጥተህ ቤትህን ስለ ማግኘት። ሰባ ዓመት ሞልቶህ የልጅነት ባልንጀራህ በር ሲያንኳኳ ስሙን ጠርተህ ብድግ ስለ ማለት።

ይህ ከደም ግፊት ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ተገናኝቷል። ተከተለኝ።

በየቤታችን የምንጠቀማት አንዲት ሰነፍ ቃል አለች፤ "ዕድሜ ነው።" እናት ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ሲጨምሩ ዕድሜ ነው። አባት ያንኑ ጥያቄ በአንድ ከሰዓት አራቴ ሲጠይቁ ዕድሜ ነው። ሲብስ ደግሞ "ጃጁ" እንላለን፤ በዚያው ፋይሉ ይዘጋል። ሐርጌሳም ሆነ ጎንደር፣ ቃሉ ይለያይ እንጂ ልማዱ አንድ ነው።

ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሽማግሌ በረሳ ነበር። ግን አይረሳም! የሰማንያ ዓመት አዛውንት የጎሳቸውን ዘር እስከ ሃያ ትውልድ ሲቆጥሩ የምትሰማበት ከተማ ውስጥ ነው ያለኸው። ስለዚህ ቃሏን ተዋት። ከመካከላችን ማን ይረሳል፣ ማንስ አይረሳም፣ ለምን? ጥያቄው ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን 57 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯቸዋል። ከእነዚህ ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። "የፈረንጅ በሽታ ነው" ማለትም ቀረ። ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው፣ አልዛይመር ነው።

አሁን ወደ ጭንቅላትህ ውስጥ እንግባ።

አንጎልህ ከሰውነትህ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምትተነፍሰው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ደግሞ ስንቅ አያስቀምጥም። ጡንቻህ ስንቅ አለው፣ ጉበትህ ስንቅ አለው፣ አንጎልህ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። የሚበላው በየሰከንዱ በደም ስር ካልመጣለት በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል።

የሚያበሉት ደም ስሮች አንድ ላይ ቢቀጣጠሉ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ከሐርጌሳ በርበራ ወርደህ ተመለስ፣ እንደገና ወርደህ ተመለስ፤ ያን ያህል ነው። ሁሉም አንተ ባርኔጣ የምታደርግበት ቦታ ውስጥ ተጣጥፈው ገብተዋል! ጥቃቅኖቹ ከፀጉር ዘለላ በአስር እጥፍ ገደማ ይቀጥናሉ። ቀይ የደም ሕዋስ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ተራ ይዞ፣ አንድ በአንድ፣ ሰውነቱን አጥፎ ነው።

የእነዚህ ጥቃቅን ደም ስሮች ግድግዳ ተራ ግድግዳ አይደለም። ሕዋሶቹ ተጣብቀው የተሰፉ ናቸው። በዙሪያቸው ደግሞ ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሶች እቅፍ አድርገው ይይዟቸዋል። ግድግዳዎቹ ስኳሩንና ኦክስጅኑን ያስገባሉ፤ መርዙን ይመልሳሉ። ሁለተኛ ሥራም አላቸው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። ቆሻሻ ያስወጣሉ።

ከቆሻሻው አንዱ አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ነው። አልዛይመር በያዘው አንጎል ውስጥ ጉብታ ሠርቶ የሚገኘው ይኸው ነው። ልብ በል፤ አሚሎይድ በአንተም አንጎል ውስጥ አሁን ይመረታል። በእኔም። በሁሉም። ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው መውጣቱና አለመውጣቱ ነው። ከመውጫዎቹ መካከል ደግሞ ዋነኞቹ የደም ስሩ ግድግዳና በደም ስሩ ዙሪያ ያለው ቀጭን መተላለፊያ ናቸው።

እንግዲህ ግፊትህ ለአስር፣ ለሃያ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር ምን እንደሚሆን አስብ። ግድግዳው ይወፍራል። ይደርቃል። ውስጡ ይጠብባል። የሚገባው ምግብ ያንሳል። የተሰፋው መጋጠሚያ ይላላና መግባት የሌለበት ነገር ሾልኮ ይገባል። መውጣት ያለበት አሚሎይድ ውስጥ ይቀራል። የቀረው አሚሎይድ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እነዚያን ፔሪሳይቶች እንዲጨመደዱ ያደርጋቸዋል፤ እነሱም ያቀፉትን ደም ስር ያንቁታል። ደም ሲያንስ ቆሻሻው ይበዛል፣ ቆሻሻው ሲበዛ ደም ያንሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ምንም አይሰማህም። ምንም! ራስ ምታት እንኳ ላይኖርህ ይችላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በአንጎል ውስጥ ያለው ለውጥ 15፣ 20 ዓመት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ የ70 ዓመቱ ጉዳይ የ70 ዓመቱ ጉዳይ አይደለም። የ45ቱ ነው። የ35ቱም ነው።

ስለ በሽታው ስም አወጣጥ አንድ ነገር ላጫውትህ፤ ታሪኩ ራሱ ያስተምራልና።

እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ሐኪም ቤት ገባች። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ነበር። ስትሞት፣ በ1906፣ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረው። ጉብታዎቹንና የተጠላለፉትን ክሮች አየ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበ። ዛሬ ሁሉም የሚያስታውሰው እነሱን ነው። በዘገባው ውስጥ ግን ሌላም ነገር ጽፏል፤ ትላልቆቹ የአንጎሏ ደም ስሮች ደርቀው ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደም ስሩ እዚያው ነበረ ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ምርምሩ አንዴ ወደ ደም ስሩ፣ አንዴ ወደ ጉብታው ሲያዘነብል ኖረ። በ1984 ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ አሚሎይድ ቤታን ነጥለው ሲያወጡ ዓለም ሁሉ ወደ ጉብታው ዞረ። ከየት እንዳወጡት ግን ታውቃለህ? አልዛይመር ከነበረባቸው ሰዎች የአንጎል ደም ስር ግድግዳ ላይ ነው። (ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ፍለጋው የተጀመረው ከደም ስሩ ነበር፤ ከዚያ ለዓመታት ደም ስሩ ተረሳ። በመርሳት በሽታ ምርምር!)

ደግሞ የአሜሪካ ካቶሊክ ሴት መነኮሳትን ስማ። ዴቪድ ስኖውደን የተባለ ተመራማሪ ለዓመታት ተከታተላቸው፤ እነሱም ሲሞቱ አንጎላቸውን ለምርምር ሰጡ። በ1997 የታተመው ውጤት የ102 መነኮሳት ነው። በአንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር ጉብታና ክር የተገኘባቸው ብዙዎች ነበሩ። የረሱት ግን ሁሉም አይደሉም። ጉብታው ካለባቸው መካከል በጥልቁ የአንጎል ክፍል አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ስትሮክ የነበራቸው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ20 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ገባህ? ጉብታ ይዘህም ደም ስርህ ጤነኛ ከሆነ አንጎልህ ሊቋቋም ይችላል። በደም ስርህ ላይ እኮ አንተ ልትሠራ ትችላለህ!

"እኔ ምን አቅም አለኝ? ሐርጌሳ ውስጥ ያለሁ ሠራተኛ ነኝ፤ የአንጎል ስፔሻሊስት የት አገኛለሁ?" አልከኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ከቻይና ገጠር መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ነው። 326 መንደሮች። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ፣ ግፊት ያለባቸው፣ 34 ሺህ ያህል ሰዎች። በግማሹ መንደሮች ሥራውን የያዘው ፕሮፌሰር አልነበረም፤ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ነበር። ስፔሻሊስት ያልሆነ፣ ስልጠና የተሰጠው፣ ከሐኪም ምክር የሚቀበል ሰው። ሥራውም ግፊት መለካት፣ ርካሽ የግፊት ክኒን መስጠት፣ ሕመምተኛውን መከታተል፣ ጨው ቀንሱ ማለት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚያ መንደሮች የመርሳት በሽታ ከሌሎቹ በ15 በመቶ አነሰ።

አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ግዙፍ ማሽን አልተገዛም። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ፣ ርካሽ ክኒንና ዲሲፕሊን ብቻ!

አሁን አወዳድር። ሌካነማብ የሚባለው አዲስ የአልዛይመር መድኃኒት በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። ዋጋው ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። ከሚያሰጉት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ዋናው ደግሞ የአንጎል ማበጥና መድማት ነው፤ እንደገና ደም ስር። እኔ ሳይንሱን አልንቅም፤ ይበርታ። አንተ ግን 26,500 ዶላር የለህም። ፋርማሲ የሚገኘው መለኪያ ግን አለልህ።

አትጠብቅ። ጀምር።

እዚህ ላይ ስለ ከሰዓቱ ማውራት አለብን። ታውቀዋለህ የትኛውን ከሰዓት።

አወዳይ የተቆረጠው ጫት ጅጅጋን አልፎ፣ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ሐርጌሳ ይገባል። መኪናው ለምን እንደዚያ እንደሚበር አስበህ ታውቃለህ? ለጨዋታ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ እየፈረሰ ይሄዳል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። የዚያ ሁሉ መንገድ ሩጫ ለአንድ ንጥረ ነገር ነው።

ያ ንጥረ ነገር ጉንጭህ ውስጥ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ደም ስርህን ያጠብባል። ልብህን ያፈጥናል። ግፊትህን ለሰዓታት ወደ ላይ ይሰቅላል። ምርቃናው የሚያስደስትህን ያህል፣ በእነዚያ ቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ ያለው ደም እየገፋ ነው። በላዩ ሲጋራ ጨምር። በላዩ ስኳር የበዛበት ሻይ ጨምር፤ የሐርጌሳ ሻይ እንዴት እንደሚጣፍጥ ላንተ አልነግርህም። በየቀኑ። ለሃያ ዓመት።

ሌሊቱስ? ድሬዳዋ ብትሆን ጨብሲ ትል ነበር፤ ሐርጌሳ መጠጥ በሕግ ክልክል ነው። (አልኮሉ ራሱ ለደም ስር አይበጅም፤ በዚህ ተጠቅመሃል።) ስለዚህ ጣሪያ ስትቆጥር ታድራለህ። ያን ሌሊት ደግሞ አንጎልህ ይፈልገው ነበር። የተመራማሪዋ የማይከን ነደርጋርድ ቡድን በ2013 በአይጦች ላይ እንዳሳየው በእንቅልፍ ሰዓት በአንጎል ሕዋሶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ በደም ስር ዙሪያ የሚፈሰው ፈሳሽም አሚሎይዱን በፍጥነት አጥቦ ይወስደዋል። እንቅልፍ የሌለበት ሌሊት እጥበት የተዘለለበት ሌሊት ነው።

ጫትን አልሰድብም። ስንት ቤተሰብ ከዚህ ንግድ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ በርጫ ላይ ስንት ነገር እንደሚታረቅም አውቃለሁ። ግን አንድ ሙከራ ልስጥህ። በራስህ ላይ ሞክረው።

ከመቃምህ በፊት ግፊትህን ለካ። ጻፈው። ምርቃናው መሀል ላይ እንደገና ለካ። ጻፈው። በማግስቱ ሳትቅም በዚያው ሰዓት ለካ። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጥ።

እኔ ምንም አልልህም። ቁጥሮቹ ይናገሩ።

ከዚያ ወስን! ሰባቱን ቀን የምትቅም ከሆንክ ሁለቱን ተው። የሚቀናህን ቀን ምረጥ፣ ለበርጫ ጓደኞችህ ፊት ለፊት ንገራቸው። ይስቁብሃል። ይሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ግን በሳምንቱ "እስቲ ያንን መለኪያ አምጣው" ይልሃል። በዚያች ከሰዓት ምን ታደርጋለህ? ባዶ ሰዓት ጠላትህ ነው፤ ሙላው። ፀሐይ ሲበርድ የሐርጌሳ አየር ለእግር የተሠራ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ እንደ በርበራ አትቃጠልም። ከሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት ተነስ፣ በዋናው መንገድ ተጓዝ፣ ላብ ላብ እስኪልህ ፍጠን። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው የሚመከረው። አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት። በቃ!

"ጊዜ የለኝም" አትበለኝ። አዲስ ልማድ ጊዜ አይፈልግም፤ መንጠልጠያ ነው የሚፈልገው። የማትተወውን አሮጌ ልማድ ፈልግና በላዩ ስቀለው። ሙስሊም ከሆንክ በቀን አምስት ጊዜ የሚጠራህ አዛን አለ፤ ባጃጅ አትጥራ፣ ራቅ ያለውን መስጊድ ምረጥ፣ በእግርህ ሂድ። ማለዳ የዘወትር ጸሎትህን የማታስታጉል ክርስቲያን ከሆንክ ከ"አሜን" ቀጥሎ ጫማህን እሰር። ማሰብ አያስፈልግም። እሰርና ውጣ።

አንቺስ፣ እህቴ? ከሰው ቤት፣ ከሆቴል ኩሽና ስትወጪ እግርሽ ዝሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእናትሽ የግፊት መድኃኒት በየወሩ ገንዘብ ትልኪያለሽ። የራስሽን ግፊት ግን ተለክተሽ አታውቂም! የእናትሽ ግፊት በዘር ወዳንቺም ሊመጣ እንደሚችል ማን ነገረሽ? እርጉዝ ሆነሽ ግፊት ተነስቶብሽ ከነበረ ደግሞ ከወለድሽ በኋላም ተለኪ። ድካምና ጤና አንድ አይደሉም፤ ሥራ የደከመው ሰው ሁሉ ደም ስሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልህ። የሻይህን ስኳር ግማሽ አድርግ፤ በሦስተኛው ሳምንት ምላስህ ይለምዳል። ስኳር በሽታ ጥቃቅን ደም ስሮችን የሚያበላሽ ዋና ጠላት ነው፣ ስለዚህ ግፊት ስትለካ ስኳርህንም አስለካ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ፤ ዳቦውና የታሸገው ምግብ ውስጥ ያለው ሳይቀር ተቆጥሮ። ሲጋራ? ስለ እሱ ምን ላውራ፤ አጥፋው።

ከዚህ ሌላ ጭንቅላትህን አሠራው። እዚህ ጋ ሐርጌሳ ራሷ መምህር ናት።

ሶማሊኛ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ግጥሙ፣ ሕጉ፣ የዘር ሐረጉ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አንዱ ገጣሚ ይገጥማል፤ ሌላው ሰምቶ በቃሉ ይዞ፣ ግመል እየነዳ፣ ሌላ አገር ያደርሰዋል። ይህ ላንተም እንግዳ አይደለም። ጎጃም የቅኔ ቤት ያደረ ሰው ዳዊት በቃሉ የወጣ ተማሪ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱም ሕዝብ ትዝታን እንደ ሥራ ይዞታል። በ1988 ሐርጌሳ ከአየር በተደበደበችበት ጊዜ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎችና ነዋሪዎች የዘፈን ካሴቶችን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፣ ደበቁ፣ ይዘው ተሰደዱ። ዛሬ የሐርጌሳ ባህል ማዕከል ከ10 ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ሰብስቦ ይዟል። የተረፉት በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ሰው አካፋ አንስቶ ነው።

አንተስ በቃልህ የያዝከው ምን አለ? አንድ ምዕራፍ ያዝ። አንድ ግጥም ያዝ። ሶማሊኛን በሚነገርበት አገር እየኖርክ ካልተማርከው ዛሬ አስር ቃል ጀምር፤ ለሥራህም ይጠቅምሃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ 1,260 ሰዎችን ይዘው ለግማሾቹ አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የግፊት ክትትል አንድ ላይ ሲያስኬዱላቸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የማሰብ ችሎታቸው ተራ ምክር ከተሰጣቸው የተሻለ ሆነ። አንድ ላይ! አንዱን ይዘህ ሌላውን አትጣል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከቻሉ አንተን ምን ያዘህ?

"አሁንማ ረፈደብኝ" የምትል ከሆነ ወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤልን ጠይቅ። የተወለዱት በ1937 እዚሁ ሐርጌሳ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ተቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ያላቸውን ሸጠው፣ ቆሻሻ ሲጣልበት በነበረ ቦታ ላይ የእናቶች ሆስፒታል ሠሩ። በ2002 ሲከፈት 64 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት ሲያገኙ 85 ዓመታቸው ነበር። ጡረታ ለእሳቸው የሥራ መጀመሪያ ሆነ። አንተ በ40 ዓመትህ "ረፈደ" ትላለህ!

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልንገርህ። የላንሴት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ስሌት፣ 14 ነገሮችን ብናስተካክል ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ብቸኝነት፣ የመስማት ችግር ከውስጡ ናቸው። ቀሪው የዕድሜ፣ የዘርና ሌላም ነው። ስለዚህ የታመመን ሰው "ራሱን ስላልጠበቀ ነው" እንዳትል። ያ ጭካኔ ነው። በእጅህ ያለውን 45 ግን ለማንም አትስጥ!

በል እንግዲህ፣ ወደ ተግባር። ግፊት ሲለካ አይቻኮልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከመለካትህ ግማሽ ሰዓት በፊት ቡናና ሲጋራ የለም፤ ቅመህም አትለካ (ለዚያ የምርቃና ሙከራ ካልሆነ)። ሽንትህን ሽና። ወንበር ላይ ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታጣምር መሬት አስረግጠህ አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። እጅጌህን ሰብስብ፤ በልብስ ላይ አይጠመጠምም። ክንድህ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብህ ትክክል ይሁን። እየለካህ አታውራ። ስልክም አታንሳ። አንዴ ለካ፣ አንድ ደቂቃ ቆይ፣ ድገም። ሁለቱንም ከነቀኑ ጻፍ።

ከ120 በ80 በታች ነው? ጎበዝ፤ እዚያው ጠብቀው፣ በዓመቱ ተለካ። በመካከል ከሆነ እርምጃውንና ጨዉን ዛሬ ጀምር። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አትደንግጥ፣ ግን አትተኛ። ሌላ ቀን ደግመህ ለካ። አሁንም ከፍ ካለ ቁጥሮችህን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ግባ። 180 በ120 ከደረሰ፣ በተለይ ደረት ከወጋህ፣ አፍህ ከተሳሰረ ወይም ግማሽ አካልህ ከደነዘዘ፣ ነገ የለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል።

ሐኪሙ ክኒን ካዘዘልህ ዋጠው። "አንዴ ከጀመርከው አትላቀቀውም" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይኑር! መነጽር ያደረገ ሰው "አይኔ አሁን ደህና ሆነ" ብሎ መነጽሩን አይጥልም። ደህና የሆንከው በክኒኑ ነው። ሲያልቅብህ ለሁለት ሳምንት አትተወው፣ ከማለቁ በፊት ግዛ። ካልተስማማህ ራስህ አታቋርጠው፤ ተመልሰህ ንገር፣ ሌላ ዓይነት አለ።

መለኪያ የለህም? ከሦስት ጓደኛ ጋር አዋጣና አንድ ግዙ። በየዓርቡ በየተራ ተለካኩ፤ ቁጥሩን ያልጻፈ ሻይ ይጋብዝ። ያለ ስኳር።

እናትህ አጠገብህ ካሉ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሳቸውን ክንድ አስቀድም።